በጉንጭ የተያዘ ሻይ

ቶሎሳ ማንኛውንም ጽሑፍ የሚያነበው «ይሁን እንጂ» የሚለው ቃል እስኪመጣ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን እምነት ለጎደላቸው ይተወዋል።

ይህን ልማዱን የሚያውቁት ሚስቱና ልጁ ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው የሚያውቀው አፉን ነው። ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ሰፈር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የስደተኞችን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፤ የሰው መከራ በእሱ አንደበት ሲያልፍ በባለመከራው አፍ ከነበረው ይልቅ ያምራል ተብሎ ይወራለታል። ካሳራኒ ባለችው የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ሠርግ ላይ መራቂው እሱ ነው፣ ለቅሶ ላይ አጽናኙ እሱ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ አስታራቂው እሱ። «ሰው ቤት ሄዶ የሚያስታርቀው እኔን አኩርፎ የሚውልበት ሲያጣ ነው» ትላለች ሚስቱ ሙሉሸዋ።

እንግዲህ በዚያ በተመሰገነ አፍ ውስጥ፣ በስተግራ በታችኛው ረድፍ፣ አንድ መንጋጋ ተበልቶ ነበር። መሃል ከተማ የሚሠራው የጥርስ ሐኪም፣ ዶክተር ራጃ፣ በትንሿ መስታወት አየውና ጊዜው ሳያልፍ ተሰርስሮ ይሞላ፣ ካለፈ ግን ይነቀላል አለው። ይህን ብሎ መሰርሰሪያውን አየር ላይ ሞከረው። ቶሎሳ ፉጨቱን ሲሰማ ስልክ እንደተደወለለት ሁሉ ዝም ያለ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «አዎ፣ አዎ፣ እየመጣሁ ነው» እያለ ከወንበሩ ወረደ። ደረቱ ላይ ያሰሩለትን የወረቀት ሽርጥ እንዳንጠለጠለ ነው ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የገባው። ረዳቱ ምሳህን ሳትጨርስ ነው እንዴ የተነሳኸው ሲለው ነው ያየው።

በዚያው ምሽት በቤተ ክርስቲያኑ የቴሌግራም ቡድን አንድ ጽሑፍ ተለቀቀ። ከየት እንደተቀዳ የሚያውቅ የለም። ሻይ ቅጠል ውስጥ ፖሊፊኖል የሚባሉ ነገሮች እንዳሉ፣ እነዚህም አፍ ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች እንደሚያዳክሙ፣ ጥርስ ላይ እንዳይጣበቁና ጥርስ የሚበላውን አሲድ እንደ ልባቸው እንዳያመርቱ እንደሚያግዱ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል ይላል። ከዚያ «ይሁን እንጂ» ይላል። ቶሎሳ ስልኩን አስቀመጠና ዓይኑን ጨፍኖ አመሰገነ። ኬንያ የሻይ አገር ናት። ጌታ ከአገሩ ሲያወጣው ወዴት እንደሚያመጣው ያውቅ ነበር ማለት ነው።

የሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰዉ እንደ ልማዱ አዳራሹ ጓሮ ሻይ ሊጠጣ ሲሰበሰብ፣ ቶሎሳ ጉሮሮውን ጠረገ። ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ደዌ ቅጠል እንዳዘጋጀ፣ የጥርስ ሐኪሞች ግን ከፍርሃታችን እንደሚኖሩ፣ ከዛሬ ጀምሮ የመጀመሪያው ጉንጭ ሻይ እንደማይዋጥ፣ ይልቁንም በጥርስ ዙሪያ እየዞረ ባክቴሪያውን እንደሚያሳድድ አስተማረ። የአዳራሹ ሻይ ደግሞ የኬንያ ሻይ ነው፤ ከወተት ጋር በአንድ ድስት የፈላ፣ ስኳሩ ማንኪያ የሚያቆም። ምእመናኑ ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ወደ ሰማይ ቀና ብለው ተጉመጠመጡ። ከአጥሩ ማዶ ልብስ የሚያሰጡ ጎረቤቶች አዲስ የጸሎት ዓይነት መስሏቸው በአክብሮት ዝም አሉ።

ሳምንታት አልፈው እህት ውዴ ለምስክርነት ተነሳች። ድዷ ይደማ ነበር፤ አሁን አይደማም። አዳራሹ ሃሌሉያ አለ። ያንኑ ሰሞን ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ መግዛቷን የነገረችው ለሙሉሸዋ ብቻ ነው፤ እሱንም በጆሮዋ።

የቶሎሳ ልጅ ያኤል ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስ የምታጠና ናት። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«አባዬ፣ ይሄ ኮ በፕሌይን ሻይ የተሞከረ ነው» አለችው። «ማዚዋ ስትጨምርበት የወተቱ ፕሮቲን ፖሊፊኖሉን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ሱካሪው ደግሞ ለባክቴሪያው ላንች ነው። ሕዝቡን ጀርም እያስቀለብከው ነው።»

«አንቺ ደግሞ ‹ይሁን እንጂ› ትወጃለሽ።»

«እንዳይበላ ሊያግዝ ይችላል ነው የሚለው። የተበላውን ይሞላል አይልም። ሲሪየስሊ፣ ባባ፣ ሂድና ዶክተሩን እየው።»

ቶሎሳ ስለ ሐኪሙ የተባለውን እንዳልሰማ ሆነ፤ የወተቱን ግን ሰማ። በሚቀጥለው እሑድ ጠለቅ ያለ መገለጥ እንደመጣለት አስታወቀ፤ ወተትም ስኳርም የሌለበት፣ ጥቁር፣ መራራ ሻይ። ተከታዮቹ ወዲያው ቀነሱ። ብዙዎቹን በእውነት ያጸናቸው ስኳሩ ኖሯል። እሱ ግን ጠዋትም ማታም፣ ቢሮም ቤትም፣ ጥቁሩን በጉንጩ ሲያንቦጫርቅ ሰነበተ፤ ጥርሶቹ እንደ አሮጌ ሳንቃ ጠየሙ። የተቀሩት ጥርሶቹ ምናልባት ተጠቅመውበት ይሆናል። መንጋጋው ሥራውን ቀጠለ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የአንድ ሰው ጥርስ ጉዳይ ነበር። ግን ኢያሱ መጣ።

ኢያሱ የቶሎሳ ሟች ወንድም ልጅ ነው። ታክሲ ይነዳል፤ ወሬ አያበዛም። ዮሳን የምትባል ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። መከራው አባቷ ናቸው። አቶ ተኽለሚካኤል አስመራ ተወልደው፣ አማርኛን በንጉሡ ዘመን ትምህርት ቤት ተምረው፣ ናይሮቢ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሻይ ቀማሽነት የፈጁ ሰው ናቸው። ሻይ ቀማሽ ማለት በተደረደሩ ስኒዎች ፊት እየተዘዋወረ፣ በማንኪያ ሳብ አድርጎ፣ ምላሱ ላይ አንከባሎ እየተፋ፣ ይህ ደህና፣ ይህ ጥራጊ እያለ የሚፈርድ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጡ ስኒዎቹን ተዉ እንጂ ፍርዱን አልተዉም። የማታቱ ጥሩምባ፣ የካህኑ ቅዳሴ፣ የጎረቤት ልጅ ሰላምታ፣ ሁሉም በሳቸው ምላስ ላይ ተንከባሎ ይተፋል።

ጥያቄው እንደሚመጣ በሰሙ ጊዜ በልጃቸው በኩል መልእክት ላኩ፦ «ሽማግሌ መላክ ከፈለገ ይላክ። ግን አማርኛ የሚችል ሰው ይላክ። እኔ ያንን ቋንቋ በአርጩሜ ነው የተማርኩት፤ በከንቱ እንደተገረፍኩ እንዲሰማኝ አልፈልግም።»

ለእሑድ ተቀጠረና ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ። አንዱ ሐብተማርያም ነው፤ ቁመናው የተከበረ፣ ጢሙ የሸበተ፣ በማንኛውም ጉዳይ ላይ «እንዳለው ነው» ከማለት ሌላ ቃል ያልወጣው። ሁለተኛው ወንድም ያዕቆብ፣ በልጅነቱ ናይሮቢ ገብቶ አማርኛው ወገቡ ላይ ተሰብሮ ወደ እንግሊዝኛ የሚዞርበት። ሁለቱም ለመቆም እንጂ ለመናገር አይሆኑም። ኢያሱ ይህን ስላወቀ ቶሎሳ ቤት መጥቶ በግልጽ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ዮሳንን የሚሰጡኝም የሚከለክሉኝም እርስዎን ሰምተው ነው።»

ቶሎሳ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና አፍ እንዳለው ይወቅ አለው።

ዓርብ ጠዋት ሲነቃ ግራ ጉንጩ ቀድሞት ነቅቶ ነበር። ሙሉሸዋ ሻማ እንደሚያበራ ሰው ጠጋ ብላ አየችው።

«ሰውዬ፣ ፊትህ ሁለት ሆኗል» አለች። «አንደኛው ሐኪም ቤት ይሂድ። ሌላኛው እዚህ ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣ።»

ቶሎሳ አልሄደም። የዶክተር ራጃ ክፍል ከሐበሻ ሱቅ በላይ ነው፤ በርበሬና ምስር የሚገዛ ምእመን ሁሉ ደረጃውን የሚወጣውን ሰው ያያል። የወራት ትምህርት በአንድ ደረጃ መውጣት ሊፈርስ ነው። ኢያሱ ሰምቶ መጣና፣ ማንም ወደማያውቅዎት ቲካ ከተማ ልውሰድዎት አለ፤ ቶሎሳ እምነቱ እንደ ዛለ ሰው በሐዘኔታ ተመለከተው። እብጠቱ እስከ እሑድ ይጎድላል አለ። ኢያሱ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ሲያዞር ቆየና ወጣ።

ቅዳሜ ቶሎሳ አዲስ ዘዴ አገኘ። በወረቀት ከረጢት ከታሸገው ባለ ክር ሻይ አንዱን በሙቅ ውኃ ነክሮ፣ ክሩን ቆርጦ፣ በጉንጩና በድዱ መሃል ወተፈው። ሐሰት አይደለም፣ ረገብ አለለት። ያጠፋችው ይህች ትንሽ ዕረፍት ናት። ማታ አወጣውና አዲስ ከተተ፤ ጠዋትም እንደዚያው አደረገ። መስታወት ፊት ቆሞ ንግግሩን ሲለማመድ ከረጢቱ ምላሱን ብዙም አልያዘበትም። ጉንጬ ሞልቶ መታየቱ ለሽማግሌ ግርማ ነው አለ በልቡ።

አቶ ተኽለሚካኤል የሚኖሩት ፓንጋኒ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ጠያቂው ራሱ ሽማግሌ በላከበት ቤት ስለማይገባ ኢያሱ መኪናው ውስጥ ቀረ። ሦስቱ ወጡ።

በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው፤ ግራጫ ኮት፣ ጥብቅ ያለ ክራባት፣ በገመድ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ መነጽር። ዮሳን ከጓዳው በር ጀርባ እንዳለች ከጥላዋ ታውቋል። ተቀመጡ ሲሏቸው ቶሎሳ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም አለ። አባትየው በዓይናቸው አጸደቁት። ቀጥለው፣ ሥርዓት የሚያውቅና የማያውቅ ሊለዩ እንደሆነ ባያጠራጥርም፣ ቆማችሁም ቢሆን ሻይ ቅመሱ አሉ።

«ጋሽ ተኽለሚካኤል፣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት ውኃ እንኳ አይቀምስም» አለ ቶሎሳ። «አፋችን ደርቆ ነው የመጣነው። የእርስዎ መልስ እስኪያርሰው ድረስ እንደ ደረቀ ይቆያል።»

በእውነት ጥሩ ነገር ነበር የተናገረው። የአባትየው ፊት እንደ በሰለ ፍሬ ላላ። ጓዳ በሩ ላይ ያለው ጥላ ቀና አለ። ያዕቆብ በደስታ ጫማውን አየ።

ቶሎሳ ቀጠለ። ሁለት ዛፍ ጥላቸው ሲገናኝ ስለሚያርፍበት መንገደኛ ተናገረ። «ጥላ» ሲል ግን አንዲት ጥቁር ነጥብ ከከንፈሩ ተፈናጥራ ክራባታቸው ላይ አረፈች። ከረጢቱ ስፌቱን ለቆ ነበር። ቅጠሉ ምላሱ ላይ ተበተነ፤ አንዱ ጉሮሮው በር ላይ ቆመ። ኃይለኛ ድምፅ ያላቸውን ቃላት መሸሽ ጀመረ፤ «ጠ»ን፣ «ጨ»ን፣ «ቀ»ን ዘለለ። አማርኛ ደግሞ ያለ እነሱ ልጅ አይጠየቅበትም። «ልጅዎን ልን... ልን...» ብሎ «ልንጠይቅ» የሚለውን ፈርቶ ቆመ። በቆመበት ጊዜ ቡናማ መስመር ከአፉ ጥግ ወርዳ አገጩ ላይ አፍታ ካሰበች በኋላ ነጭ ሸሚዙ ላይ ወደቀች።

«ጋሼ» አለ ያዕቆብ በሹክሹክታ፣ «ኢዝ ዛት ደም?»

አቶ ተኽለሚካኤል መነጽራቸውን አደረጉ። ቀስ ብለው ቀረቡ። ጎንበስ አሉና የቶሎሳን አገጭ አሸተቱት፤ ዕድሜ ልካቸውን ያደረጉትን ነበር የሚያደርጉት።

«ሻይ ነው» አሉ። «ያውም ከጆንያ ግርጌ የሚጠረግ ብናኝ። አፍዎን ይክፈቱ።»

ቶሎሳ ከፈተ። ምን ያድርግ።

አባትየው ለረጅም ጊዜ አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«አሁን፣ በዚህ ደቂቃ፣ አፋችን ደርቆ መጣን አላሉኝም? ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ የሰው ቤት ሻይ አይቀምስም፤ ልክ ነው። የራሱን ሻይ በጉንጩ ይዞ የሰው ቤት ይገባል የሚለውን ግን መምህሬ አላስተማሩኝም። በአርጩሜውም አላስተማሩኝም።»

ቶሎሳ አፉን መዝጋት ነበረበት፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለውን አያቶቻችን ለእንዲህ ያለ ቀን ነበር የተዉለት። እሱ ግን ስለ ፖሊፊኖል ጀመረ። ቅጠል እየተፋ፣ መሐረብ አገጩ ላይ ይዞ፣ ባክቴሪያው እንዴት እንደሚጣበቅ፣ ሻዩ እንዴት እንደሚያላቅቀው፣ አሲዱ እንዴት እንደሚቀንስ ለሻይ ቀማሽ አስተማረ። ሐብተማርያም «እንዳለው ነው» አለ። አቶ ተኽለሚካኤል እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱና የላይኛውን ረድፍ ጥርሳቸውን እንዳለ አውጥተው የስኒ ማስቀመጫ ላይ አኖሩት። ሮዝ ድድና ነጭ ጥርስ፣ ከነድርድሩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች አፈጠጡበት። አባትየው ያለ ጥርስ አማርኛ ላለመናገር መልሰው ገጠሙት።

«ዕድሜዬን ሻይ በአፌ ስይዝ ኖርኩ» አሉ። «ወተት የለበት፣ ስኳር የለበት። ሻይ ጥርስ ቢጠግን ኖሮ የኔ ዛሬ ድንጋይ ይሰብር ነበር። እውነቱን ልንገርዎት፤ ሻይ ጥርሴን አልበላውም። አላዳነውምም። ከሥራ ስወጣ ምሬቱን እንዲያጠፋልኝ ከረሜላ እመጥ ነበር። ሲያመኝም እንደ እርስዎ ዛሬ ነገ አልኩ።» ክራባታቸው ላይ ያረፈችውን ነጥብ በጣታቸው ጠረጉ። «መልሴ ይኸው። ስለ ራሱ ጥርስ እውነት ያልነገረኝ አፍ ስለ ልጁ የሚነግረኝን እንዴት ልመን? እምቢ አላልኩም። እሺም አላልኩም። ያንን ጥርስ አስነቅለው ይምጡ። ካልሆነ ሌላ ሽማግሌ ይላክ። አማርኛ የሚችል ይሁን እንጂ።»

ታች መኪናው ውስጥ ነገሩን የተረከው ያዕቆብ ነው፤ ግማሹን በአማርኛ፣ የሚያሳፍረውን በእንግሊዝኛ። ኢያሱ መሪውን እንደያዘ ሰማው። የቲካ መንገድን ይዘው ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው የተናገረው።

«ስለዚህ የኔ ትዳር ያለው እርስዎ መንጋጋ ውስጥ ነው።»

ቶሎሳ በመስኮቱ የሚያልፉትን ፎቆች አየ። የወንድሙን ልጅ ስለወደደ ጥርሱን ሊያስነቅል ቆረጠ ብንል እሱም ደስ ይለው ነበር፤ መውደዱንም ይወደዋል። መጀመሪያ የመጣለት ግን የሌላ ሰው አፍ ነው። ሌላ ሰው እዚያ ሳሎን ቆሞ፣ በደረቅ አፍ፣ በእሱ ቦታ ሲናገር ታየው። ያ ከመሰርሰሪያው ባሰ።

ሰኞ ጠዋት ኢያሱ መሃል ከተማ ወሰደው። ቶሎሳ ከኮሮና ዘመን የቀረ የአፍ ጭምብል አድርጎ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ሐበሻ ሱቁን በሩጫ አልፎ ደረጃውን ወጣ። የመጠበቂያ ክፍሉን በር ሲከፍት እህት ውዴ በሁለት እጇ ጉንጯን ይዛ ተቀምጣለች። ከጎኗ ያዕቆብ። ከያዕቆብ ጎን፣ የተከበረ ጢሙ በአንድ በኩል አብጦ፣ ሐብተማርያም።

ውዴ ሰው ልትሸኝ እንደመጣች ተናገረች፤ ማንን እንደሆነ አልተናገረችም። ያዕቆብ አድራሻ ተሳስቶ ነው። ቶሎሳ ወደ ሐብተማርያም ዞረ።

«እንዳለው ነው» አለ ሐብተማርያም።

የወተት ሻዩ ወራት እዚህ ክፍል ውስጥ ተራ ይዞ ተቀምጧል። ቶሎሳ ቆሞ አየው። ደረጃውን ሲወጣ እንዳያዩት የፈራቸው ሰዎች እሱ እንዳያያቸው ፈርተው ቀድመውት ወጥተዋል፤ በየእሑዱ ሃሌሉያ እያሉ፣ በየሰኞው እዚህ ጉንጫቸውን ይዘው። ከጥርሱ ይልቅ ይህ ዘልቆ ተሰማው። ጭምብሉን አወለቀና ከውዴ ጎን ተቀመጠ። እሷም ትንሽ ጠጋ አለችለት።

ዶክተር ራጃ ገና ሲያየው ስልኩን ጨርሶ እንደሆነ ጠየቀው። ለመሙላት ጊዜው አልፏል አለ፤ ለእብጠቱ መድኃኒት ጻፈ፤ አደነዘዘው፤ ነቀለው። ያ ሁሉ የተፈራ ነገር አንድ ጸሎት በማይሞላ ጊዜ አለቀ። ቶሎሳ ግማሽ ፊቱ ተኝቶ ሳለ እንኳ፣ ሻዩ ቀደም ብሎ ቢጀመር ኖሮ ብሎ ተከራከረ። ዶክተሩ ሳይስቅ መለሰለት፦ ያለ ስኳር እስከሆነ ድረስ ሻይ ይጠጣ፤ ለጥርስ ጠላት አይደለም፣ ሊጠብቅም ይችላል። ግን ሻይ ዘበኛ ነው፤ የፈረሰ ግድግዳ የሚገነባ ዘበኛ አይቶ ያውቃል? ለዛሬ ደግሞ ሙቅ ነገር የለም፣ መጉመጥመጥ የለም፣ ወሬም የለም ብሎ ጥጥ አስነከሰው።

ታች ኢያሱ ሞተሩን አላጠፋም። ተነቅሎ እንደሆነ አየና፣ በቀጥታ ፓንጋኒ እንሂድ አለ፤ ነቅለው ይምጡ አይደል ያሉት፣ እርስዎ ቤት ገብተው ሌላ ጽሑፍ ሳያነቡ። ቶሎሳ ሁለት ሽማግሌ እንደጎደለው በእጁ አመለከተ። ኢያሱ ደረጃውን ሮጦ ወጣ። ሐብተማርያምና ያዕቆብ ተራቸው ሊደርስ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፤ መሰርሰሪያው ከውስጥ ሲያፏጭ እየሰሙ ነበርና ለዚህ ቅዱስ ጉዳይ ሳያቅማሙ ተነሱ።

አቶ ተኽለሚካኤል በሩን ሲከፍቱ ሦስት ያበጠ ፊት ቆሟል። ተቀመጡ አሉ። ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻይ ቅመሱ አሉ። እንደገና ነቀነቁ፤ ዛሬ ከሥርዓትም ከሕመምም ነበር።

ቶሎሳ በመድኃኒት ማዘዣው ወረቀት የተጠቀለለውን መንጋጋ ጥርስ ከኪሱ አውጥቶ የስኒ ማስቀመጫው ላይ አደረገው። ትናንት ሌላ ጥርስ በነበረበት ቦታ። ጥጡን በምላሱ ወደ ጎን ገፋው። ያዘጋጀው ንግግር አልነበረም፤ ቢኖርም ከንፈሩ የት እንዳለ አያውቅም።

«ሻዩን የያዝኩት ፈርቼ ነው» አለ። ቃሎቹ ጎድጓዳ ውስጥ የወደቁ ይመስሉ ነበር። «ሐኪም ፈርቼ። ሰው ፈርቼ። ልጁ ግን እንደኔ አይደለም። ወሬ የለውም። ጥሩ ልጅ ነው። ልጅዎን ይስጡን።»

አባትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ የሰሙትን ምላሳቸው ላይ ያንከባለሉት ይመስል ነበር። አልተፉትም።

«ትናንት ከነገሩኝ ይሻላል» አሉ። «ወተት አልገባበትም።» ከዚያ ወደ ጓዳው ዞር ሳይሉ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሰጥቻለሁ። እሷ እንደሆነች ከኔ በፊት ሰጥታ ጨርሳለች፤ እኔን የጠበቁኝ ለወጉ ነው።»

ተቀመጡ። ዮሳን ሻዩን ይዛ ወጣች፤ ቶሎሳ ፊት ስትደርስ ሳቋን ለማፈን ከንፈሯን ነከሰች። አባቷ የሱን ስኒ ከፊቱ አነሱና ወደራሳቸው ሳቡት።

«እርስዎ አይቅመሱ» አሉ። «እስካሁን የቀመሱት ይበቃል።»

ለልጁ የምሥራቹን የሚነግረው ቃል አቀባዩ ነው። ቶሎሳ ይህን ለያዕቆብ ሊለቅለት አልፈቀደም፤ ብድግ ብሎ ብቻውን ደረጃውን ወረደ። ማደንዘዣው እየለቀቀ ነበር። በየደረጃው የጥርሱ ቦታ እንደ ደወል ይመታው ነበር። ያች ሰባት ዓረፍተ ነገር ቁስሉን ከፍታው ኖሮ ከአጥሩ በር ሲወጣ ዓይኑ እንባ አዝሏል፣ በአፉ ላይ የያዘው መሐረብ ቀልቷል።

ኢያሱ አየው። ከመኪናው ወርዶ የኋላውን በር ከፈተለት፤ ተመልሶ መሪው ላይ ተቀመጠ። ፊቱ እንደ ታጠበ ሰሌዳ ባዶ ሆነ።

«ገብቶኛል፣ ጋሼ» አለ ወደ ፊት እያየ። «እርስዎ የቻሉትን አድርገዋል። ይግቡ፣ ቤት ላድርስዎት።»

ቶሎሳ ሊናገር ሞከረ፤ አፉ ውስጥ ከጥጥና ከደም ሌላ አልነበረም። የኋላውን በር መልሶ ዘጋና በጣቱ ወደ ላይ ጠቆመ። ኢያሱ ወደ እግዚአብሔር የጠቆመ መስሎት አሜን አለ፤ በሩን መዝጋቱንም ብቻዬን እሄዳለሁ ማለት አድርጎ ወስዶ ሞተሩን አስነሳ። መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ። ቶሎሳ በክፍቱ መስኮት ክንዱን አስገብቶ፣ ጥቂት አብሮ ሮጠ፤ ከዚያ ቁልፉን ይዞ ጠመዘዘው። መኪናው ተንቀጥቅጦ ቆመ። ቶሎሳ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ፤ መሐረቡን አንስቶ ጥጡን ከአፉ አወጣ።

«ውረድ» አለው። «ሻይ ቀርቦልሃል። የኔንም ድርሻ አንተ ትጠጣለህ።»